በሳል መሀል የተቀዳ ዝማሬ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ሳይሆን ኮምፒውተር በየቤቱ ከገባ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ መምህር ክንፈገብርኤል የሚባሉ በገና ደርዳሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዘምሩ ድምፃቸውን አስቀድተው አያውቁም። «ለሰው ጆሮ ብዬ አልዘምርም» ይሉ ነበር። ደረታቸውን ታመው አልጋ ሲይዙ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካለን ጠርተው፣ «ድምፄን ለልጅ ልጆቼ ለሚያተርፍልኝ ልጅ በገናዬን ስጪልኝ» አሏቸው። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ በገናውን የማይመኝ አልነበረም።

የመጀመሪያው ተዋበ ሠርግ እየዞረ የሚቀርጽ ሰው ነው። እህትና ወንድሙ፣ «አባባ ደክሟቸዋል፤ ትንሽ ይሻላቸውና ይቀዳል» ቢሉት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንዱን ማይክራፎን ከአባቱ አፍ ፊት፣ ሌላውን ከበገናው አጠገብ ተከለ። መምህሩ እያሳሉም ቢሆን ዘምረው ጨረሱ፤ በዚያው ሳምንት አረፉ። ያ ዝማሬ የቀረቻቸውን ትንፋሽ ወስዶባቸው ይሆን? ወይዘሮ አስካለ ይህን አስበውታል፤ ልጃቸውን ግን አልወቀሱትም። እሱ ባይቸኩል ኖሮ የሚሰማ ነገር አይኖርም ነበር።

ቅጂው በአርባቸው ቀን መታሰቢያ ላይ ይሰማ ተባለ። ሲከፈት ግን ሳሉ ቃሉን እየዋጠ አስቸገረ። ሁለተኛዋ ልጅ ሐመልማል ስቱዲዮ ውስጥ ስለምትሠራ ኮምፒውተሯ ላይ ዘረጋችው፤ እናቷም አጠገቧ ተቀመጡ። የድምፁና የበገናው መስመሮች፣ ባለሙያዎቹ ትራክ የሚሏቸው፣ አንዱ ከሌላው በላይ እንደ ቀጭን ክር ተጋድመዋል። ሐመልማል የበገናውን አጥብባ ከታች አስቀመጠችው። የአባቷን ድምፅ ግን ወደ ላይም ወደ ጎንም እየለጠጠች፣ አንዲት ቃል ብቻዋን ስክሪኑን እስክትሞላው ድረስ አሰፋችው።

«ይኸውልሽ እማዬ፤ ይሄ ጉብታ ሳል ነው። ይሄኛው ደግሞ ‹አቤቱ› ያሉበት።»

ወይዘሮ አስካለ የባላቸውን ድምፅ በዓይን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እንባቸው ቀደማቸው። ሐመልማል ሳልና ቃል የሚለያዩበትን ቦታ እየፈለገች ሳሉን ሁሉ ለቅማ አወጣችው። ድምፁ ኩልል አለ። ያላስተዋለችው ነገር ቢኖር ሁለቱ ትራኮች የተያያዙ መሆናቸውን ነው፤ ከላይ የተቆረጠው ሁሉ ከታችም ተቆርጧል። ክር ያህል የጠበበውን ማን ልብ ይለዋል? በአሮጌው ቅጂ ላይ ደርባ ስላስቀመጠችው አሮጌው ጠፋ። ተዋበም የእሱን ቅጂ አጥፍቶ ሠርግ ቀርጾበታል።

ትንሹ በረከት ስለ ኮምፒውተር ብዙ አያውቅም፤ አባቱ በገና ያስተማሩት ግን እሱን ብቻ ነው። የእህቱን ሥራ ሰምቶ፣ «በገናው ይዘላል» አለ። ሐመልማል አላመነችውም። የበገናውን ትራክ አስፍታ ብታየው እዚህም እዚያም ባዶ ነው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። በረከት አልተቆጣትም። የአባቱን በገና አንሥቶ፣ ባዶው ቦታ ሲደርስ በአባቱ አኳኋን እየደረደረ አስቀዳና ሞላው። ከዚያ ወዲህ ያ ዝማሬ አብዛኛው የአባት፣ ጥቂቱ የልጅ ሆነ።

በአርባው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ አለቀሰ። የማን ጣት የት ላይ እንዳለ የለየ አልነበረም። ሰው ሲበተን ልጆቹ እናታቸውን ከበቡ።

«እኔ ባልቀዳ ምን ትሰሙ ነበር?» አለ ተዋበ።

«ቀዳኸው እንጂ መች ይሰማ ነበር? ቃሉን ለይቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሐመልማል።

በረከት ደግሞ፣ «ያለ በገና የአባባ ዝማሬ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ አስካለ በገናውን አነሡ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝማሬው ሲሰማ ልባቸው ሳሉን ይጠብቅ ነበር። የባላቸውን ጀርባ እያሻሹ ያስታመሙት ሳል ነውና፣ ሲጠፋ ባላቸው ትንሽ የጎደሉባቸው መሰላቸው። ለልጆቹ ግን ይህን አልነገሯቸውም። በገናውን አቅፈው ተቀመጡ፤ ቃል አለባቸውና ለአንዱ መስጠት ግድ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ሞት ሳይቀድመው ድምፁን ለያዘው፣ ከሳል መሀል ለይታ ላወጣችው፣ ወይስ የጎደለውን በገዛ ጣቱ ለሞላው፣ እናንተ ብትሆኑ በገናውን ለማን ትሰጡት ነበር?