ከጫፉ የሚፈታው መቀነት

ተረት ላመጣ ነው። የሚሰማ ወደ እሳቱ ጠጋ ይበል፤ የማይሰማም ዝም ብሎ ይሙቅ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገር፣ ዕቃም አፍ በነበረው ጊዜ፣ ከገደል አፋፍ ላይ አንድ የእንስሳት አገር ነበረ። ደጋ ነው። ሣሩ ጥሩ፣ ውሃው ጥሩ። ጨው ግን የለውም። ጨው ያለው ከገደሉ በታች፣ ቆላ ነው። ጨው ያጣ ከብት ደግሞ ከብት አይደለም። የላም ወተት ይነጥፋል፣ የበግ ጠጉር ይረግፋል፣ ፍየል ድንጋይ ትልሳለች።

ጨዉን ከቆላ የምታወጣው አህያ ናት። ዳልቻ ትባላለች። ከታላቅ እህቷ ጋር ትወርዳለች፣ በስልቻ ተጭና ትመለሳለች። ጭነቱን የሚያስረው መጫኛ ነው። መጫኛ ከበሬ ቆዳ የተተለተለ ጠፍር ነው፤ ጉረኛ ነው።

«እኔ ከያዝሁ አልለቅም!» ይላል።

አንድ ቀን ዝናብ መጣ። አህዮቹ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ነበሩ። ዳልቻ ከፊት፣ እህቷ ከኋላ። አያ ጅቦ ከዋሻው ወጣ።

«መጫኛ፣ ልቀቀኝ! ጭነቱን ጥዬ ልሩጥ!» አለች እህቷ።

«እኔ ከያዝሁ አልለቅም!» አለ መጫኛ። ቆዳው ርሶ ቋጠሮው ጠብቋል። አህያ ደግሞ ጣት የላትም። ጭነት ይዛ ሮጠች፤ ጭነት ይዞ የሮጠ የት ይደርሳል? አያ ጅቦ በላት። መጫኛውንም ከነቋጠሮው ዋጠው።

ዳልቻ ብቻዋን አገር ገባች። እሷን ያሰረው መጫኛ እንኳ አላዘነም።

«ወንድሜን አያችሁት?» አለ። «ጅብ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንኳ አልተፈታም!»

ዳልቻ ይህን ሰማች። እንባዋን ዋጠች። ከዚያ አገሩን ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«መያዝ ብቻ የሚያውቅ ማሰሪያ እህቴን አስበላ። በዳገት የሚይዝ፣ ልቀቅ ስለው የሚለቅ ማሰሪያ ካልተገኘ ቆላ አልወርድም። ጨው ያማረው ራሱ ይውረድ።»

በሬ መሬት መሬቱን አየ። ፍየል ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የሚይዝም የሚለቅም? ይቺ አህያ ደግሞ ባል ነው የምትፈልገው ማሰሪያ?» አለች።

ሳቁ። ያልሳቁት አባ ጭላዳ ናቸው። አባ ጭላዳ ደረታቸው ቀይ፣ ካባቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። ቁጭ ብለው ሣር በጣታቸው ሲነቅሉ ይውላሉ። ከአፋፉ አይወርዱም። ጣታቸው ግን የማያውቀው የለም።

«ይሆናል» አሉ።

«እንዴት ይሆናል አባ?» አለች ዳልቻ።

«ጣቴ ይፈልገው።»

ይህን ጊዜ ከበጊት ጅራት ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ አለሁ!»

ጭጎጎት ነው። ያ ከመንገድ ዳር ዘሎ ልብስና ጠጉር ላይ የሚጣበቀው፣ ጥፍሩ ቆልማማ የሆነው ፍሬ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አለች በጊት ተቆጥታ።

«ሳይጠሩኝ መምጣት ልማዴ ነው» አለ ጭጎጎት። «እኔና ወንድሞቼ ጥፍር አለን። የምንይዘው ስጡን እንጂ ጭነት ምን አላት!»

አባ ጭላዳ አንድ ጭጎጎት ነቅለው አገላብጠው አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭጎጎቶቹን ጭነት በሚያስር አንድ መቀነት ጫፍ ላይ በሙጫ ደረደሯቸው። ይህ የመቀነቱ ግራ እጅ ሆነ። አሁን ቀኝ እጅ ቀረው፤ ጥፍሩ የሚጨብጠው ቀኝ እጅ።

በጊት ጠጉሯን ሰጠች። አባ ጭላዳ ጭናቸው ላይ አሽተው ፈተሉት። ጫፉ የተቆለመመ የቀጋ እንጨት ያዙ። ቁጭ አሉ። ሳቡ፣ አሳለፉ፣ ሳቡ፣ አሳለፉ።

«ጠንካራ ነገር ጥብቅ ነው» አሉ። ስለዚህ አጥብቀው ሠሩት። ጠፍጣፋ ሆነ፣ ውሃ የማያሳልፍ ሆነ።

«አነቁኝ አባ!» አለ ፈትሉ። አልሰሙትም።

ዳልቻን በድንጋይ ጭነው፣ ግራ እጁን ከቀኝ እጁ አጋጥመው፣ ወደ ትንሿ ዳገት ነዷት። ከዳገቱ ግማሽ ሳትደርስ ጭነቱ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ዱብ!

«ጭጎጎት! ጥፍር አለኝ አላልህም?» አለች ዳልቻ።

«ጥፍርማ አለኝ» አለ ጭጎጎት። «በሩ ግን ዝግ ነው። በየት በኩል ልግባ?»

መጫኛ በሳቅ ተንከተከተ። «እኔ ከያዝሁ አልለቅም!» አለ ከተሰቀለበት ሆኖ።

አባ ጭላዳ አልደነገጡም። «በር ነው የጎደለው» አሉ። «ይሆናል።»

እንደገና ቁጭ አሉ። ሳቡ፣ አሳለፉ። አሁን ፈትሉን አላጠበቁትም። ቀለበት ሠሩ፤ ከቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት አወጡ፤ ከሌላው ውስጥ ሌላ። ቀለበቶቹን ረጅም፣ ልቅ፣ እንደ ሣር የሚወዛወዙ አደረጓቸው። በሩ ሁሉ ክፍት ሆነ።

«ረሱኝ አባ!» አለ ፈትሉ። «የቆምሁበት አልጠናም፣ እግሬ ያዥ የለውም!» አሁንም አልሰሙትም።

ጭጎጎት ገባ። ያዘ። በሬ ጎተተው፤ አልለቀቀም። አገሩ እልል አለ። ዳልቻም ወደ ቆላ ወረደች፣ ጨዉን ተጫነች፣ ዳገቱን ጀመረች። ጭነቱ ከጀርባዋ ንቅንቅ አላለም። ደስ አላት።

ጠባቡ መንገድ ላይ አያ ጅቦ ቆሞ ጠበቃት።

«እንደምን ዋልሽ እመት ዳልቻ! እህትሽ ጥሩ ነበረች፤ ትንሽ ጨው ነው ያነሳት።»

ዳልቻ አንገቷን አዙራ የመቀነቱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ሳበች። ጭጎጎት ረጅሙን ቀለበት እንደያዘ መጣ። አንዱ ቀለበት ሲሳብ ጎረቤቱ ተከተለ፤ ጎረቤቱ ሲሳብ የጎረቤቱ ጎረቤት። ትርርርር ብሎ ተተረተረ። ፈትሉ በጭጎጎት ጥፍር ላይ ተጠማጠመ፣ በዳልቻ ደረት ላይ ተጠማጠመ። ስልቻው አልወደቀም፤ ዞሮ ሆዷ ሥር ተንጠለጠለ።

«ልቀቅ!» አለች።

«ልለቅ ብዬ ነበር» አለ ጭጎጎት፣ «እጄ ታሰረ!»

ጅቡ ዘለለ። ጆሮዋን ያዘ። ዳልቻ መንጭቃ ዞረች፣ በኋላ እግሯም ጥርሱን መታችው። ቀመሳት፣ አቀመሰችው፤ የጆሮዋ ጫፍ ግን አፉ ውስጥ ቀረ። ስልቻውን እየጎተተች፣ ጨዉን በመንገድ እየበተነች፣ ደሟ እየፈሰሰ አፋፍ ወጣች።

የተረፈው ጨው ለግልገሎቹ እንኳ አልበቃም። የላሟ ወተት ከናካቴው ጠፋ። አሁን አገሩ ማጉረምረም ጀመረ።

«እስኪ በመጫኛው ውረጂ» አለ በሬ። «ሁልጊዜ ጅብ አይገኝም።»

«አንድ ጊዜ ከተገኘ ይበቃኛል» አለች ዳልቻ።

ከድንጋይ ካቡ ሥር ሄዳ ተጋደመች። ጆሮዋ ይጠዘጥዛታል። እዚያው በጊት መጣች፤ ጀርባዋን ጭጎጎት ሞልቶታል። ካቡን ተጠግታ ጎኗን አሸት አሸት አደረገች። ጭጎጎቶቹ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ አሉ።

ዳልቻ ቀና አለች። «እንዴት ለቀቁሽ?»

«ቀላል ነው» አለች በጊት። «ፊት ለፊት ከሳብኋቸው ሁሉም በአንድ ላይ ያምፃሉ፤ ጠጉሬን ይዘው ይሄዳሉ። ከዳር ከጀመርሁ ግን አንዱ ይለቃል፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ።»

«ጠጉርሽስ አይተረተርም?»

«ምን ይተረተራል፣ ሥሩ ቆዳዬ ውስጥ ነው!»

ዳልቻ ተስፈንጥራ ሮጠች። «አባ ጭላዳ! አባ ጭላዳ! ይምጡ፣ የበጊትን ጀርባ ይዩ!»

አባ ጭላዳ መጡ። ቅማል እንደሚፈልግ ጠጉሯን ከፈል፣ ከፈል አደረጉ። ጣታቸው ይሄዳል፣ ይቆማል። ሆዷ ላይ ጠጉሩ ተጋግሮ ተጠፍጥፏል፤ ጭጎጎት የለበትም። ጅራቷ ላይ ረዝሞ ተንዠርግጓል፤ ጭጎጎት አለበት፣ ግን ተጠላልፎ ቋጠሮ ሆኗል። ትከሻዋ ላይ አጭር ነው፤ ጥቅልል ጥቅልል ብሎ ቆሟል። አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ አንዱ ወደ ግራ ዘንበል። ጭጎጎት ከየት ቢመጣ ክፍት በር ያገኛል። ሥሩ ግን ከቆዳው ጋር አንድ ነው።

«ሁለት ጊዜ ሠራሁ» አሉ አባ ጭላዳ፤ «መጀመሪያ በር የሌለው ቤት፣ ቀጥሎ መሠረት የሌለው በር።»

ለሦስተኛ ጊዜ ቁጭ አሉ። ሳቡ፣ አሳለፉ። መጀመሪያ ወለሉን ሠሩ፤ ጠበቅ ያለ፣ የሚተጣጠፍ። ከወለሉ ቀለበት አወጡ፣ የገብስ ፍሬ የሚያህል። የእያንዳንዱን ቀለበት እግር በግራ ጎረቤቱ አሳልፈው በቀኝ ጎረቤቱ ቆለፉት፤ አንዱን ቢስቡት ጎረቤቶቹ ያዝ ያደርጉታል። አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ አዘነበሉት። በመጨረሻ ከመቀነቱ ጫፍ ምንም የማይይዝ ባዶ ምላስ አስቀሩ፤ ለዳልቻ ጥርስ።

«አሁንስ?» አሉት ፈትሉን።

«አሁን ቤት ሠሩልኝ» አለ ፈትሉ።

አጋጠሙት። በሬ ፊት ለፊት ጎተተው። አልለቀቀም። ሁለት በሬ ጎተተው። አልለቀቀም። ከዚያ አንዲት ግልገል ምላሱን ይዛ ከጫፉ ሳብ አደረገችው። ጭርርርር! ተከፈተ። መልሰው ተጫኑት፤ መልሶ ያዘ።

«ግልገል የሚፈታው ማሰሪያ!» አለ መጫኛ። «እፍረት የለም እንዴ?»

«ግልገል የሚፈታውን ነው የፈለግነው» አሉ አባ ጭላዳ።

ዳልቻ ወረደች። ጨው ተጫነች። ዳገቱን ጀመረች፤ አረማመዷ ተለውጧል፣ ደህናውን ጆሮዋን ቀጥ አድርጋለች።

አያ ጅቦ ጠባቡ መንገድ ላይ ነበረ። ፊት ጥርሱ ወልቋል። ከዚህ በኋላ ከእርግጫዋ ፊት አይቆምም፤ መላ አምጥቷል።

«እመት ዳልቻ፣ የአንዱን ጆሮ ጫፍ በልቼ ሌላውን ብተወው ቅር አይልሽም?»

«ና» አለች ዳልቻ። «ያኛው አልጫ ነበር፤ ዛሬ ከነጨው ነኝ።»

ጅቡ ከጎን ዘሎ ስልቻውን ነከሰ። ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ጎተተ። ጭነቱን ይዞ እሷን ሊጥላት ነው።

«ጭጎጎት!» አለች።

«ይዣለሁ!»

«ቀለበት!»

«ቆሜያለሁ!»

ጅቡ ጎተተ። መቀነቱ አልላላም። አጥብቆ ጎተተ። አልላላም። ተናደደ፤ አራት እግሩን ተክሎ፣ ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ጎተተ። የዳልቻ ኮቴ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረ። እሷ ግን አልቸኮለችም። ጅቡ ሁለመናውን ስልቻው ላይ እስኪጥል ጠበቀች። ከዚያ አንገቷን አዞረች። ምላሱን በጥርሷ ያዘች። ከጫፉ።

ጭርርርርር!

አያ ጅቦ ስልቻውን አቅፎ ወደ ኋላ ሄደ። መንገዱ አለቀ፤ እሱ ግን አላለቀም። ስልቻው ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ተቀደደ፤ ጨው በገደሉ ፊት ላይ ሁሉ ተረጨ። ጅቡ ከታች ሲደርስ ወገቡ ተሰብሯል። እስከ ዛሬ ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። ከብቶች ከገደሉ ድንጋይ ጨው የሚልሱትም ለዚህ ነው።

ዳልቻ መቀነቷን ደረቷ ላይ መልሳ ገጠመች። ተመልሳ ወደ ቆላ ወረደች፣ ሌላ ስልቻ ተጫነች፣ እየዘፈነች አፋፍ ወጣች። የአህያ ዘፈን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ አገሩ ግን እስከዚያ ዕለት እንዲያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ላሟ ታለበች።

መጫኛስ? መጫኛ እንጨት እንዲያስር ተሰጠው። እንጨት ጅብ ሲመጣ አይሮጥም፤ ለእንጨት ደህና ነው።

መያዝ ድንጋይንም አያቅተው፤ ወዳጅ ማለት በዳገት የሚይዝ፣ በጭንቅ የሚለቅ ነው።

እኔም ተረቴን ከጫፉ ሳብ አድርጌ ፈታሁት፤ እናንተ መልሳችሁ ግጠሙት።