ለአንበሳ መዳፍ የተቀረጸው ብዕር

አንድ ጊዜ፣ ፍርዱን ሁሉ በገዛ እጁ የሚጽፍ አንበሳ ጫካውን ይገዛ ነበር። ብዕር የሚቀርጽለት ቀበሮ ነው። የቀበሮ ብዕር ሲያዩት ያምራል፤ ቀጭን፣ ከአፉ እስከ ጫፉ በሾሉ ቅርጾች ያጌጠ። ሲይዙት ግን መዳፍ ይቆረቁራል። አንበሳም ቶሎ ለመገላገል ሲል ሁልጊዜ አጭሩን ፍርድ ይጽፋል፦ «ይሙት።» «ጥፋቱ ታይቶ፣ ምክንያቱ ተሰምቶ፣ በምሕረት ይለቀቅ» ብሎ ለመጻፍ መዳፉ እስኪላጥ ማን ይታገሣል?

አህያ ከንጉሡ ምንጭ ውኃ ጠጥቶ ተያዘ። ጓደኛው ጦጣ ይህን ሰማች። ችሎቱ በማግስቱ ነው። ለአንበሳ የሚመች ብዕር ልትሠራ የወይራ እንጨት ቆርጣ ተቀመጠችና ወገቡን ወፈር፣ አፉን ቀጠን አድርጋ ላገችው፤ ሞራ እየቀባችም አለሰለሰችው። ደጋግማ ትጨብጠዋለች። «ይመቸው ይሆን? ባይመቸውስ?» ስትቸኩል ቢላዋው ጣቷን ቆረጣት።

ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ አያት። እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነው ብሎ፣ የችሎቱ በር ጠባቂ ወደሆነው ጅብ ሮጠ።

«አያ ጅቦ፣ ነገ ጦጣ ይዛ የምትመጣው እንጨት ውስጡ ቅልጥም ነው!»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ታዲያ ለምን እንጨት አስመሰለችው?»

«አንተ እንዳትበላው ነዋ!»

«አይ ተንኮሏ!» አለ ጅብ።

በማግስቱ ጦጣ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ጅብ «ልፈትሽ» ብሎ ብዕሩን ቀማት። ሞራው ሸተተው። ቀርጨም!

«ኧረ አያ ጅቦ! የአህያን ነፍስ ነው የያዝከው!»

«እስካሁን እንጨት እንጨት ነው የሚለው» አለ ጅብ እያኘከ።

መንጭቃ አስጣለችው። የብዕሩ ወገብ በጥርስ ተቦርቡሯል። ውስጥ አህያ ታስሮ ቆሟል። ቀበሮ የራሱን ጌጠኛ ብዕር ይዞ ከአንበሳ አጠገብ ፈገግ ብሏል። ጦጣ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። እንደምንም ወደ ዙፋኑ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ መዳፍዎን ያውሱኝ።»

የንጉሥ መዳፍ ተነክቶ አያውቅም።

«ምን ልታደርጊው?» አለ አንበሳ እያጉረመረመ።

«ልለካው ነው። ብዕሩን የለካሁት በራሴ እጅ ነበር፤ የእኔ እጅ ደግሞ የጦጣ እጅ ነው።»

አንበሳ ጥቂት አሰበና መዳፉን ዘረጋላት። ጦጣ ዳሰሰችው። «ቆስሏል እኮ!»

«ያመኛል» አለ አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጦጣ ቢላዋዋን ይዛ፣ መዳፉን እየዳሰሰች፣ ጅብ በቦረቦረው ቦታ ላይ ለአውራ ጣቱ ማረፊያ አበጀችለት። አንበሳ በዚያው ብዕር መጻፍ ጀመረ።

አህያ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን አቆመ። «ይሙት» አጭር ናት፤ ብዕሩ ቶሎ ዝም ካለ አለቀለት። ብዕሩ ግን ይጭራል። መስመሩን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ዞረ። አህያ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አንበሳ አሁንም ይጽፋል። ያን ጊዜ አህያ አለቀሰ።

«ማረፊያውን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለ ጅብ ከበሩ ላይ፣ ጥርሱን እየፋቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚይዘውን እጅ ሳይዳስሱ የሠሩት መሣሪያ ምንም ቢያምር፣ ጦሱ ለሌላው እንደሚተርፍ ነው።