ከጽዱ ሥር የተቀበረው

አንድ ጡረታ የወጣ የመጋዘን ዘበኛ ነበረ። የጡረታው ብር ከወር ወር አላደርስ ሲለው፣ «ከቤቴ ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት በጋ ከክረምት የማይረግፍ የፈረንጅ ጽድ ልትከል፤ ሲያድግ ለጣውላ እሸጠዋለሁ፣ የልጆቼንም እጅ አላይም» ብሎ ቆረጠ። ደግ ሐሳብ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ጎረቤቱም ያንኑ አሰበ።

ጎረቤቱ ጡረተኛ መምህር ነው። ችግኙን ከአንድ ማፍያ ጣቢያ፣ በአንድ ጋሪ አስጭነው አመጡ። በተከላው ቀን ዘበኛው በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ ቢያይ፣ መምህሩ አንዱን ችግኝ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ይነካካል። «ይኼማ እስከ ነገም አይጨርስ!» አለና የራሱን እንደ መጣ እንደ መጣ ጉድጓድ ውስጥ እየወሸቀ ቀትር ሳይሆን ጨረሰ። ያን ቀን ምሳው ጣመው፤ ቀድሞታላ።

በሦስተኛው ዓመት የመምህሩ ጽድ አጥሩን አልፎ ወጣ። የዘበኛው ከወገብ አላለፈም፤ ያውም ቢጫ ነው። ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያየው የሰው ዛፍ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ የራስህን አትኮተኩትም? የሰው ቅጠል ቆጥረህ የሚከፍልህ አለ?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም በይ! ከሥሩ አንድ ነገር ባያስቀብር እንዲህ ይመዘዛል?»

አንድ ቀን መምህሩ ለቅሶ ሲሄድ ጠብቆ፣ ዶማውን ይዞ አጥሩን ዘለለ። ረጅሙን ጽድ መረጠና ከሥሩ ክንድ የሚያህል ቆፈረ። አፈር ነው። አሁንም ቆፈረ። እንደ ጣት ተዘርግቶ ወደ ታች የወረደ ሥር እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ምን ጠፋህ፣ ወንድሜ?» አለ ከኋላው መምህሩ፣ ከለቅሶ ተመልሶ።

ዘበኛው እንደ ተንበረከከ፣ «የቀበርከውን አውጣ!» ብሎ ጮኸ።

መምህሩ አልተቆጣም። ዶማውን ተቀበለው፤ ወደ ዘበኛው ግቢ ተሻግሮም አንዱን ቢጫ ጽድ ነቀለ። ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ አብሮ ወጣ። በውስጡ ሥሩ መሄጃ አጥቶ፣ እንደ ክር ጥቅል በራሱ ላይ ተጠምጥሟል።

«የቀበርክስ አንተ» አለው። «እኔ ያን ቀን ፕላስቲኩን በምላጭ እየቀደድኩ ነበር የምተክለው። በአጥር ቀዳዳ ስታየኝ ያየህ መስሎኝ!»

ዘበኛው ፕላስቲኩን እየገፈፈ አዲስ ችግኝ ተከለ። ያለፈውን ሦስት ዓመት ግን ማን ይትከልለት? ዕድሜው ስድሳ አራት ሆኗል።

እንግዲህ ልጄ፣ «የባልንጀራዬ ዳቦ ቤት ሰው ሲጋፋበት የኔ ለምን ጦሙን ይውላል? መተት አስደርጋብኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ያ ዘበኛ አንቺ ነሽ። ከእሷ ቀድመሽ በር ለመክፈት ስትሮጪ ሊጥሽ ኩፍ ሳይል እሳት ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ በመስኮት የእሷን ሰልፍ ትቆጥሪያለሽ። መተተኛው ቤት ለመሄድ ነጠላሽን ከማጣፋትሽ በፊት፣ እስቲ የራስሽን ቡሃቃ ክዳን ግለጪ።