የብርሃን መምህርና ሲስተር ስንዱ

አንድ ምሁር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርሃን ምን እንደሆነ ሲመረምሩና ሲያስተምሩ ኖረው፣ በስተርጅና የስኳር በሽታ እግራቸውን አቆሰለውና አልጋ ላይ ዋሉ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ሠራተኛ ናት። ስለዚህ በየቤቱ እየሄደች ሕሙማንን የምትንከባከብ ስንዱ የምትባል ነርስ ተቀጠረችላቸው።

ምሁሩ መጀመሪያ አልተቀበሏትም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ስንቱን ተማሪ ፊት ለፊት ቆመው ያስተማሩ ሰው፣ የሚሸት እግራቸውን ለማያውቋት ሴት መዘርጋት ሞት ሆኖባቸው ነው። ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ስንዱ ግን ሰላምታዋን ሰጥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ ቁስሉን ትጠርጋለች። ሲያማቸው ትንሽ ቆም ትልና ትቀጥላለች። ቁስሉን ጠርጋ ሳትጨርስ አትነሣም።

አንድ ቀን ፋሻውን እየፈታች፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ ስለ ብርሃን ያስተምሩ እንደነበር ነገረችኝ። ለመሆኑ ብርሃን ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ምሁሩ በአጭሩ ሊመልሱላት ነበር፤ የሚወዱት ነገር ሲነሣ ግን አፋቸው ተፈታ።

«ሊቃውንትን ብዙ ዘመን ያከራከረ ነገር ነው» አሉ። «ገሚሱ፣ እንደ እህል ፍሬ የሚረጭ ቅንጣት ነው አለ። ገሚሱ፣ ኩሬ ላይ ጠጠር ሲወድቅ እንደሚነሣው ያለ ሞገድ ነው አለ። በሁለት ጠባብ ስንጥቆች ሲያሳልፉት እንደ ሞገድ ይሆናል። ብረት ላይ ሲያሳርፉት ደግሞ ኤሌክትሮን እያፈናጠረ እንደ ቅንጣት ይሆናል።»

«ታዲያ ማን ረታ?»

«ማንም አልረታም፤ ብርሃኑ አንድ ነው። የሚያሳይሽ ጠባይ እንደ አጠያየቅሽ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አላዞሩም። እሷ ቁስል ስትጠርግ እሳቸው ያስተምራሉ፤ ያልገባትን መልሳ ትጠይቃለች። ምግብ እምቢ ይሉ የነበሩት ሰው መብላት ጀመሩ። «ልጄ» ይሏትም ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ ግን አንድ ጠዋት ብርድ ልብሳቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው ጠበቋት። ሁለት የእግር ጣቶቻቸው ጠቁረው ነበር፤ አይተዋቸዋል። ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ እግራቸው ሊቆረጥ ሆስፒታል ገብተው በሕይወት አልወጡም።

«ዛሬ ፋሻው አይፈታም» አሉ። «ልጄ ከሆንሽ ተይኝ። ነርስ ብቻ ከሆንሽ ደግሞ ከቤቴ ውጪ።»

ስንዱ አልተቆጣችም፤ አልለመነችምም። በርጩማ ወደ አልጋው ስባ ተቀመጠች።

«ልጅዎ ስለሆንኩ ፍርሃትዎ ይገባኛል» አለች። «ነርስ ስለሆንኩ ደግሞ ሽታው ነግሮኛል። ዛሬ ሐኪም ካላየው እግሩ ይሄዳል፤ እርስዎም አብረው። እኔ ደግሞ ትቼዎት አልሄድም።»

ምሁሩ ብርድ ልብሱን በገዛ እጃቸው ገለጡት።

ሆስፒታል ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ፤ እግሩ ግን ተረፈ። ምሁሩ ሲነቁ ስንዱ ነጭ ጋወኗን ሳትለብስ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣለች። የዕረፍት ቀኗ ነበር።

«ዛሬ እንኳ ሥራሽ አይደለም» አሏት በደከመ ድምፅ።

«አይደለም። አባቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች። ይህን እያለች ግን ዓይኗ ከተሰቀለው የመድኃኒት ፈሳሽ ላይ ነበር፤ ጠብታው ዘግይቶባት የክፍሉን ነርስ ልትጠራ ተነሣች። ምሁሩ ይህን አይተው ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። ከወራት በኋላ በከዘራ እየተደገፉ ወደሚወዷት መማሪያ ክፍል ተመለሱ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ከነርስነት ትምህርት ገና መውጣትሽ ነው። «የታመመ ሰው ቤት ስገባ ባለሙያ ልሁን ወይስ ዘመድ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስንዱ ባለሙያ ብቻ ብትሆን ኖሮ ሰውየው ብርድ ልብሱን አይገልጡላትም ነበር። ዘመድ ብቻ ብትሆን ኖሮ አዝናላቸው ፋሻውን ሳትፈታ ትሄድ ነበር፤ ቀጥሎም ለቅሶ ትደርስ ነበር። ብርሃንን ሞገድ ሁን ወይም ቅንጣት ሁን ብሎ ያስመረጠው የለም፤ ስንዱንም እንደዚያው። ሕመምተኛው ያለበት ሁኔታ የጠየቃትን ሆና ተገኘች፤ እሷ ግን አንዲት ናት። አንቺም አትምረጪ። ነገ የመጀመሪያውን ቤት ስታንኳኪ፣ ባለሙያዋም ዘመዲቱም፣ ሁለታችሁም ግቡ።