ከፈተናው ወረቀት ጀርባ የታተመው ሰንጠረዥ

አንዲት ልጅ ነበረች። ማትሪክ ልትፈተን ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ጎበዝ የምትባል ልጅ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ታሪኩን ግን ንገራቸው ብላ ፈቅዳልኛለች።

እናንተ የዛሬ ልጆች፣ ማትሪክ ያኔ ምን እንደነበር አታውቁም። ሆሳዕና ትንሽ ከተማ ነበረች። የፈተናው ወር ሲቃረብ ሜዳው ሁሉ ተማሪ ይሆናል። አንዱ መጽሐፉን ይዞ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ይሸመድዳል፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ተደግፎ ብቻውን ያወራል። መንገደኛው እንኳ ልጆቹን እንዳይረብሽ ድምፁን ቀንሶ ያልፍ ነበር። ዛሬም በዚያ ሜዳ ሳልፍ ሆዴ ይባባል።

ይህች ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ጥላው ሥር፣ ከወይንሸት ጋር ታጠና ነበር። አብሮ አደጎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አብረን እንገባለን፣ ፋርማሲ እንማራለን፣ አንድ ዶርም ውስጥ እናድራለን ተባብለዋል። ሲያጠኑም አንዷ አንድ ምዕራፍ ትይዝና እንደ አስተማሪ ቆማ ለሌላዋ ታስረዳለች። ልማዳቸው ነው።

ታዲያ የኬሚስትሪው ተራ በደረሳት ቁጥር ልጅቷ ምን ትይዝ ነበር? ፔሪዮዲክ ቴብልን። ያን የንጥረ ነገሮች ስም የተደረደረበትን ሰንጠረዥ። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም ብላ ከጀመረች እስከ ታች ትወርደዋለች፤ ቁጥሩን ከነክብደቱ። ቤት እንግዳ ሲመጣ አባቷ ይጠሯትና እስኪ በይላቸው ይሏታል። እሷ ትላለች፣ እንግዳው ያጨበጭባል፣ አባት ደስ ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠላል?

የሞል ስሌቱስ፣ ያ የኬሚስትሪው ሂሳብ? እሱን አትነካም። ወይንሸት ስትጠይቃት፣ ይሄን ልጨርስና እሄድበታለሁ ትላለች። ምኑን ነው የምትጨርሰው? ከጨረሰችው ቆይታለች እኮ።

አንድ ቀን ከሰዓት የኬሚስትሪ መምህራቸው መምህር ኤርሲዶ በዚያ ሲያልፉ ድምፅዋን ሰምተው ቆሙ። እስክትጨርስ አዳመጧት። ከልባቸው አደነቋትና እንዲህ አሏት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ትችያለሽ። የቀረሽ ጊዜ ለማትችዪው ነው። ብዙ ጥያቄ የሚወጣው ከስሌቱ ነው፤ ከሱ ጀምሪ።»

እሺ ቲቸር አለች። ወይንሸት የዚያኑ ቀን ወደ ስሌቱ ዞረች፤ እየሰረዘች፣ እየተሳሳተች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች። ልጅቷም ሞክራ ነበር። አንዱን ጥያቄ ሠራች፣ አልወጣላትም። ደግማ ሠራች፣ አሁንም እምቢ አለ። ከፋት። ወደምትወደው ሰንጠረዥ ተመለሰች። እዚያ ማንም አይበልጣትማ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ወረቀቱ ታደለ። ገለበጠችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ምን ታትሞ አገኘች መሰላችሁ? ሰንጠረዡ። ሙሉው፣ ከነቁጥሩ፣ ከነክብደቱ። ያን ሁሉ ወር የደከመችበት ነገር ለሁሉም ተሰጥቷል፤ ላጠናውም ላላጠናውም። የተሰጠው እንዲያሰሉበት ነው። ጥያቄው ደግሞ ስሌት፣ አሁንም ስሌት፣ አሁንም ስሌት።

ስትወጣ ወይንሸትን አቅፋ አንድ ነገር ብቻ አለች። «የማውቀውን አልጠየቁኝም።»

ውጤት መጣ። ወይንሸት አለፈች፣ እሷ ወደቀች። ወይንሸት የምትሄድበት ቀን ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ የተሸከመችላት እሷው ናት። አውቶቡሱ ሲወጣ እጇን አወዛወዘች፤ ከዓይኗ እስኪጠፋ አልተንቀሳቀሰችም። በርግጥ እግዚአብሔር አልጣላትም። ኋላ ደግማ ተፈትና አልፋለች፣ ጥሩ ሥራም ይዛለች። ግን ያ አብረው ሊያድሩበት የነበረ ዶርም፣ ያ አብረው ሊስቁበት የነበረ ወጣትነት ተመልሶ አልመጣም። ይሄን ስትነግረኝ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ድምፅዋ ግን የዚያን ጊዜ ልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

ወገኖቼ፣ እኛስ የምናጠናው ምኑን ነው?

መዝሙሩን ያለ መጽሐፍ እንዘምራለን። ጸሎት ላይ ሲጠሩን ቃል አይጎድለንም። እንግዳ ሲመጣም እንታይለታለን። መልካም ነው፣ አልንቅም። ግን የእግዚአብሔርን ምሕረት ማን ሸመደደውና አገኘው? ለብርቱውም ለደካማውም በነፃ ታድሏል። የምንጠየቀው በታደላችሁ ምሕረት ምን ሠራችሁበት ተብለን ነው።

ወንድሜ፣ ከወንድምህ ጋር ሳትነጋገር ስንት ፋሲካ አለፈ? እህቴ፣ ያቺን ጎረቤትሽን ገበያ ላይ ስታዪ መንገድ መቀየር የጀመርሽው መቼ ነው? ይሄ ጾም ይለፍና፣ ይሄ ጉባኤ ይለቅና እንላለን። ከባዱን፣ ይቅር መባባሉን፣ ትተን ወደሚጨበጨብልን እንመለሳለን።

ከባድ አይደለም አልላችሁም። የመጀመሪያው ሙከራ ላይወጣ ይችላል። ሰላም ስትሉት ፊቱን ሊያዞርባችሁ ይችላል። ነገ ደግማችሁ ሂዱ፣ ከነገ ወዲያም ሂዱ።

እያንዳንዳችሁ አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት የሱን በር አንኳኩ። እሱ በሕይወት እያለ፣ ወጥቶ የሚከፍትላችሁም እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ።