ሁሉን የሚችለው መፍጫ

አንድ ቀን፣ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎረቤቶቼ አቶ ድልነሳሁና ወይዘሮ የሺመቤት የሽንኩርት መፍጫ ማሽን ሊገዙ መርካቶ ወረዱ። ወይዘሮ የሺመቤትን የእጃቸው አንጓ ካመማቸው ቆይቷል። ሐኪሙ ቢላ እንዳይዙ ነግሯቸዋል፤ ሽሮውም ምስሩም ያለ ሽንኩርት እንደማይሠራ ግን የነገረው ሰው የለም። በሽንኩርቱ ይሁን በሕመሙ አይታወቅም እንጂ እያለቀሱ ሲከትፉ ከርመው፣ «ዘንድሮስ አልችልም» ብለው ባላቸውን ጎትተው አወጧቸው።

አቶ ድልነሳሁ ክፉ ሰው አይደሉም። ችግራቸው የማያውቁት ነገር አለመኖሩ ነው። ለሐኪም ስለ መድኃኒት፣ ለቄስ ስለ ቅዳሴ ያስረዳሉ። በጾም ነገር ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ቤታቸው የጾም ቢላ ለብቻ፣ የፍስክ ቢላ ለብቻ ነው፤ ድስቱም ማማሰያውም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ወይዘሮ የሺመቤት በጾም ቀን ተሳስተው በፍስኩ ቢላ ሰላጣ ቢቆርጡላቸው፣ «በፈላ ውሃ ታጥቦ ነበር እኮ!» ቢባሉም አልሰሙም። ሳህኑን ገፍተው ጦማቸውን አደሩ።

ባለሱቁ ሁለት ማሽን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አለቀ። ሌላው ትልቅ ነው፤ ምላጩ ብዙ፣ ቁልፉ ብዙ። ወይዘሮ የሺመቤት ትንሹን ያዙ።

«ይሄ ይበቃኛል።»

«ቆይ እስቲ» አሉ አቶ ድልነሳሁ። «ለአንድ ሥራ ብሎ ማሽን የሚገዛ አለ? ትልቁ ሁሉንም ይሠራል።»

«እኔን ያስቸገረኝ ሽንኩርት ነው።»

«አንቺ ማሽን አታውቂም። ዛሬ ሽንኩርት ነው፣ ፋሲካ ሲመጣ ክትፎ ነው። ያኔ ሌላ ልንገዛ ነው?»

«ፋዘር ገብቷቸዋል!» አለ ባለሱቁ ትልቁን ወደ ፊት እየሳበ። «ማዘር፣ ይሄ ሥጋ ይፈጫል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ካሮት ይቆራርጣል፣ ሊጥ ያቦካል፣ ጁስ ይጨምቃል። የማይችለው ነገር የለም።»

«ሰማሽ?» አሉ ባል፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው እየሰደዱ።

ይህ ከተገዛ ሌላ ማሽን እንደማይታሰብ ወይዘሮ የሺመቤት ያውቃሉ። ጾም በገባ ቁጥር ተመልሰው ቢላ ሊይዙ ነው። ግን አልተቆጡም። ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩት። ክዳኑን ከፈቱ፣ ምላጩን አዩ፣ መልሰው ዘጉት።

«ሁሉን ይችላል?»

«ሁሉን፣ ማዘር።»

«ይጾማል?»

ባለሱቁ ስንት ደንበኛ ሲያስተናግድ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ነጋዴ ነውና መልስ አላጣም።

«ይታጠባላ፣ ማዘር! ምላጩ ይወልቃል፤ በሙቅ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ...»

«ምን አልክ?» ብለው ጮኹ አቶ ድልነሳሁ። «ሥጋ የፈጨ ምላጭ ለቅለቅ ተደርጎ በሁዳዴ የእኔ ሽንኩርት ውስጥ ሊገባ? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

ወይዘሮ የሺመቤት መደርደሪያው ላይ ያሉትን የውሃ ማፍያዎች ማየት ጀመሩ። አቶ ድልነሳሁ የተናገሩት ለራሳቸው የገባቸው ዘግይቶ ነው። ሚስታቸውን አዩ፣ ትልቁን ማሽን አዩ፣ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ባለሱቁ ዘወር አሉ።

«ለመሆኑ የሚጾም አላችሁ?»

ባለሱቁ ትንሹን ማሽን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው።

«ይሄ፣ ፋዘር፣ ከተሠራ ጀምሮ ሥጋ ቀምሶ አያውቅም።»