ጉርሻና ሻንሲ

«አንድ የማር ነጋዴ ነበረ» አሉ ጋሽ ወልደየስ፣ ዘርፌ ጥያቄዋን ጨርሳ ትንፋሿን ሳትሰበስብ። ጥያቄዋ ይህ ነበር፤ ልታገባው ያሰበችው ሰው ከዚህ በፊት ትዳር ነበረው። የፊተኛዋ ሚስቱ ለምን ትታው እንደሄደች ብትጠይቀው ነውር ይሆንባት ይሆን? ሰውየው የዘርፌን እናት ስትታመም ሆስፒታል ያመላለሰ፣ ለቤተሰቧ ሁሉ ደግ የሆነ ሰው ነው። ጋሽ ወልደየስ የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ ሰው ሲያማክራቸው አዎ ወይም አይደለም ብለው መገላገል አይወዱም።

«ይህ ነጋዴ የሚኖረው ተራራ ላይ ነው። ወደ ከተማ የሚያወርደው መንገድ፣ መንገድ የተባለው ሌላ ስም ጠፍቶለት ነው እንጂ ድንጋይና ወንዝ ነው። ሚስቱ ብዙ ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ በስተመጨረሻ አረገዘች። ሰውየው ምጥ ሲመጣ ሆስፒታል የሚያደርሳትን ያገለገለ የገጠር መኪና ሊገዛ ከተማ ወረደ። የፈለገው እንደ ጭነት መኪና በሻንሲ ላይ የተሠራውን ነው። ሻንሲ ማለት ከሥር ያለው የብረት አጥንት ነው፤ ቦዲው ከላይ የተጫነ ነው። ቦዲው ቢጨረማመት መኪናው ይሄዳል፤ ሻንሲው ከተሰበረ ግን አለቀለት። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው ሥሩ ተኝቶ ማየት አለበት። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ሳያውቅ ነው እንዳትይኝ።

«ደላላ አንድ ባለመኪና ቤት ወሰደው። ባለመኪናው ጨዋ ሰው ነው፤ መኪናውም ዓይን ይስባል። ነጋዴው ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን አየ፣ አስነስቶ አዳመጠ። ባለመኪናው ‹ምሳ አድርሱልን› ሊል ወደ ቤት ገባ። ነጋዴው ኮቱን አውልቆ መኪናው ሥር ማዳበሪያ ከረጢት አነጠፈ። ገና ሊተኛ ሲል ባለመኪናው ተመልሶ ‹ሳትበላማ የት ትሄዳለህ!› ብሎ እጁን ይዞ አስገባው። ወጡን አጥቅሶ፣ ሥጋውን መርጦ፣ በእጁ አጎረሰው።

«ምሳ አልቆ ሲወጡ ከረጢቱ እንደተነጠፈ ነው። ነጋዴው ቆሞ አየው። ‹አሁን በእጁ ያጎረሰኝን ሰው መኪና ሥር ገብቼ ብረት ልደባብስ? አላመንኩህም ማለት አይሆንብኝም?› አለ በልቡ። ይሉኝታ ያዘው። ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አጣጠፈ። ባለመኪናው ‹ሥሩንስ?› ሲለው ‹አይቻለሁ፣ አይቻለሁ› አለው። አየሽ፣ አንዲት ቃል ናት። ተዋዋሉ፣ ተመራረቁ፣ ነጋዴውም እየነዳ ወደ ተራራው ወጣ።

«ምጡ በክረምት መጣ። ወንዙን ተሻግረው ድንጋዩን ሲወጡ ሻንሲው ከኋላ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ አጠገብ፣ ለሁለት ተሰበረ። ድሮ ተሰንጥቆ የተበየደበት ቦታ ነው። ሴትዮዋን የአገሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አደረሳት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

«ነጋዴው ሐዘኑም ንዴቱም አንድ ላይ ሆኖበት ባለመኪናው ቤት ሄደ። ‹አብልተህ ገደልከኝ!› አለው። ባለመኪናው ነገሩን ሲሰማ እዚያው ደጃፉ ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። ‹ብየዳውን ልነግርህ ነበር እኮ! ለአስፋልት እንጂ ለድንጋይ አይሆንም ልልህ። ሥሩንስ ብልህ አይቻለሁ አልከኝ። እኔ ቤት ስገባ ሥሩ ተኝተህ ያየህ መሰለኝ። አይተህ ከወደድከው ምን ብዬ ልጨምር?› አለው። ይህ ባለመኪናውን ነፃ አያወጣውም፤ እሱም አፉን መክፈት ነበረበት። ግን ሊከፍት ሲል የዘጋበት ማን ነው?»

ጋሽ ወልደየስ ወደ ዘርፌ ዞሩ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። እጮኛሽ ስለ ፊተኛዋ ሚስቱ ሊነግርሽ ጀምሮ አያውቅም?»

ዘርፌ አቀረቀረች። «አንድ ቀን ጀምሮ ነበር፣ ጋሼ። ሲጨነቅ አሳዘነኝና ‹ሰምቻለሁ፣ ተወው› አልኩት።»

«ሰምተሽ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁም።»

«እንግዲያው ነጋዴው አንቺ ነሽ። እናትሽን ማሳከሙ ጉርሻው ነው፤ ጎርሰሻል፣ አመስግኚው። ትዳራችሁን የሚሸከመው ግን ሻንሲው ነው፤ እሱን ሳታዪ አይቻለሁ ብለሽዋል። ያከበርሽው መስሎሻል፤ የሆነውን ግን ብቻውን አሸክመሽዋል። ምናልባት ምንም ስንጥቅ የለበትም። ምናልባትም ተበይዷል፣ ግን አውቀው ቀስ ብለው ከነዱት ይችላል። ሳትሰሚ በምን ታውቂያለሽ? መጠየቅ ነውር የለውም። ሂጂና ‹ዋሽቼህ ነው፤ ምንም አልሰማሁም፤ ንገረኝ› በይው።»

«ቢከፋውስ፣ ጋሼ?»

«ይክፋው። ዛሬ ቢከፋው የሚጎዳው ሁለታችሁን ብቻ ነው። ነገ ግን ትዳራችሁ ላይ ልጅ ይሳፈራል።»